ከስቶክሆልም የመጣው ሙዚቃና የአባቴ እንጉርጉሮ

ታናሽ ወንድሜ ስቶክሆልም መኖር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። አባታችን ጥር መጨረሻ ላይ ሲያርፍ ለቀብሩ መድረስ አልቻለም። የመኖሪያ ፈቃዱ እድሳት ላይ ስለነበር ከአገር ከወጣ መመለሱ ያጠራጥር ነበር። ስለዚህ የአባቱን ቀብር ያየው በስልክ ነው። የአጎታችን ልጅ ስልኩን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ካህናቱን፣ ጥላውን፣ የለቀስተኛውን ብዛት አሳየው። ኔትወርኩ ሲቋረጥ እንደገና ይደውልለታል። ግብዓተ መሬቱ ሲፈጸም ግን መስመሩ ጠፍቶ ነበር። ይህን የነገረኝ ከሳምንታት በኋላ ነው።

በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ በቅድስት፣ በቴሌግራም አንድ መልእክት ላከልኝ። «ይህን ስሚው። ብቻሽን ሆነሽ። ከመሃል እንዳታቋርጪው» ይላል። ከሥሩ ከአርባ ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሙዚቃ አለ። ሁለት ልጆች፣ ሥራና የጾም ወጥ ያለባት ሴት አርባ ደቂቃ ከየት ታመጣለች? ለሦስት ቀን ሳልከፍተው ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ደወለ።

«ሰማሽው?»

«አልሰማሁትም፤ ምንድን ነው?»

«አባዬ ከሞተ ጀምሮ አላለቀስኩም» አለኝ። «ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እበላለሁ። እንባ የሚባል የለም። ያለፈው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ይህንን ሰማሁ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ሦስት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።»

በዚያ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ወጥ ቤት ተቀምጬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ሙዚቃው የአላን ፔተርሶን 7ኛ ሲምፎኒ ነው። ፔተርሶን በ1911 እ.ኤ.አ. የተወለደ ስዊድናዊ ነው። ያደገው ሶደርማልም በተባለው፣ ያን ጊዜ የድሆች መኖሪያ በነበረው የስቶክሆልም ሰፈር፣ ከብረት ቀጥቃጭ አባትና ከሃይማኖተኛ እናት ጋር ነው። የመጀመሪያ ቫዮሊኑን የገዛው የገና ካርድ እየሸጠ ባጠራቀመው ገንዘብ ነበር። አድጎ በከተማው ኦርኬስትራ ውስጥ ከቫዮሊን ከፍ የምትለውን ቪዮላን ይጫወት ጀመር። ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያጣምም ሕመም ያዘው። የሕይወቱን ቀሪ ዘመን ሲምፎኒ በመጻፍ አሳለፈ። 7ኛውን የጨረሰው በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓመቱ አንታል ዶራቲ በተባለው ታዋቂ መሪ እጅ ስቶክሆልም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ያልታወቀ ሕመምተኛ የነበረው ሰው ስሙ የተነሣው በዚያ ሥራ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ሲምፎኒው እንደ ሌሎቹ በክፍል አይከፈልም። ከተጀመረ እስኪያልቅ ዕረፍት የለውም። መጀመሪያው ላይ ከሥር ያሉት መሣሪያዎች የሆነ ነገር ያጉረመርማሉ፤ ያችኑ ይደጋግማሉ። ሰው ክፉ ወሬ ሰምቶ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ታውቁ የለም? እንደዚያ ነው። እየከበደ፣ እየጮኸ ይሄዳል፤ ለመዝጋት እጄን ሁለት ጊዜ ወደ ስልኩ ልኬ መልሻለሁ። ከግማሽ ካለፈ በኋላ ግን ጩኸቱ ይደክምና ባለ ክር መሣሪያዎቹ ብቻቸውን ቀርተው ረጅም፣ ቀስ ያለ ነገር ማዜም ይጀምራሉ። ደስታ አይደለም። ለቅሶ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ጩኸት ካለፈ በኋላ አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወርዱትን ዓይነት ነው። እዚያ ላይ ስደርስ አባቴን ሰማሁት።

አባቴ ጋይንቴ ነበር። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ሰው የሚያውቀው በከረባቱና በንጹሕ እጅ ጽሑፉ ነው። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ግን፣ ጠዋት ጠዋት ጺሙን ሲላጭ፣ ከመታጠቢያ ቤት አንድ እንጉርጉሮ ይሰማል። ቃሉ አይለይም። ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ከወረደበት ይነሣል። ፋሲካ ሲሆን ይጠፋል። እኛ ልጆቹ «የአባዬ የጾም ሬዲዮ» እያልን እንስቅበት ነበር።

ከየት እንደመጣ የነገረኝ ባለፈው ዓመት ጾም ነው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ቤተ ልሔም ተምሯል።

ቤተ ልሔም ስላችሁ እስራኤል እንዳይመጣባችሁ። የኛዋ ቤተ ልሔም በደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ስትታይ እንደ ማንኛዋም የገጠር ደብር ክብ ናት፤ በውስጧ ግን በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ አለ። ቶማስ ፓከንሃም የተባለው ጸሐፊ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በወጣትነቱ ደርሶበት ለውጭ አንባቢዎች ጽፎለታል። ለአገራችን ሊቃውንት ግን ቤተ ልሔም የታወቀችው በሕንፃዋ ሳይሆን በድጓዋ ነው። በአብነት ትምህርት እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ወንበር፣ ማለትም የመጨረሻው ምስክር ቤት አለው። አቋቋም ጎንደር ነው። ዝማሬ መዋሥዕት እዚያው ጋይንት አካባቢ ዙር አባ ነው። ድጓ ደግሞ ቤተ ልሔም። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው እንኳ ዜማውን ከምንጩ ለማረምና ለማስመስከር ወደዚያ ይሄዳል።

ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ የኖረው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት እንደሆነ ይታወቃል። በልጅነታችን የሰማነው ታሪክ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የያዙትን ጦር ሳያውቁት እግሩ ላይ ተከሉት፤ እሱም ዜማውን እስኪጨርስ ሕመሙ አልተሰማውም። አባቴ ይህን ታሪክ ሲተርክ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምር ነበር። «ጦሩ ሲነቀል ግን ደሙ ፈስሷል። ዜማው ቁስሉን አላስቀረውም፤ እስኪጨርስ አቆመው እንጂ።»

ከያሬድ አምስት የዜማ መጻሕፍት መካከል ሁለቱ በቀጥታ ከሐዘን ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ጾመ ድጓ ነው፤ የዐቢይ ጾም ዜማ። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ እያልን የምንጠራቸው የጾሙ ሳምንታት ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። በዚህ ወቅት ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ። ካህናቱ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው፣ ሰውነታቸውን ቀስ እያደረጉ ወዲህና ወዲያ እያዘነበሉ ያዜማሉ። ሌላው መዋሥዕት ነው፤ ለሙታን የሚዜመው። የስሙ ትርጉም ደስ ይላል፤ መዋሥዕት ማለት ምልልስ፣ መልስ መስጠት ማለት ነው። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይመልሳል።

የዜማውም ስልት ሦስት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። አራራይን ሊቃውንቱ «የሚያራራ» ብለው ይፈቱታል። ዜማው ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። የድጓ መጽሐፍ ገልጣችሁ ብታዩ በዋናው ጽሑፍ ራስ ላይ እንደ ጉንዳን የተደረደሩ ትንንሽ ፊደላትና ጭረቶች አሉ። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ቁርጥ ይባላሉ። የሚነግሩት ድምፅ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚቆረጥ ነው። መምህራኑ ግን ከሕማማት ጋር አያይዘውም ይተረጉሟቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ጭረት ግርፋቱን፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ፣ ሂደት ተጎትቶ መሄዱን ያስታውሳል ይላሉ። ድምፅህን እዚህ ላይ አንቀጥቅጥ የሚለው ምልክት የማን ሥቃይ እንደሆነም አብሮ ያስተምራል ማለት ነው።

አሁን ወደ አባቴ ታሪክ ልመለስ።

ቤተ ልሔም በነበረበት በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ። እናቱ ሞታለች። ከተቀበረች ሁለት ወር ሆኗታል። መንገዱ ሩቅ፣ ወንዙ ሙሉ ስለነበር የነገረው የለም። አባቴ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። «አላለቀስኩም» አለኝ። «አኩፋዳዬን ይዤ እንደ ወትሮው ለቁራሽ ወጣሁ። ውሾቹን አባረርኩ፣ ለምኜ ተመለስኩ፣ በላሁ።» ወንድሜ በስልክ ያለኝን ስሰማ ይህ ነው የመጣብኝ። ስልሳ ዓመት በሚጠጋ ልዩነት አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ።

ማታ ተማሪዎቹ በጨለማ ለቃል ትምህርት ሲሰበሰቡ የኔታ ወሬውን ሰምተው ነበር። አባቴ «አይዞህ ይሉኛል» ብሎ ጠበቀ። አላሉትም። «የት ድረስ ደርሰሃል?» ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። «በል ከዚያ ጀምር» አሉት። ጀመረ። ሁለት ሦስት ሐረግ እንደ ሄደ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ አለ። ዝም ሲል ከጎኑ የነበረው ተማሪ ካቆመበት ተቀበለው፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። አባቴ ደበሎውን ተከናንቦ መሃላቸው እንደ ተቀመጠ አለቀሰ። ማንም ዞሮ አላየውም፤ ማንም ዝም በል አላለውም። ሲበቃው ፊቱን ጠርጎ ገባበት። የኔታም «ርክርኩን በልተሃል፤ ነገ ትመልሰዋለህ» አሉት።

«በሕይወቴ እንደዚያ ያጽናናኝ የለም» አለኝ አባቴ።

ድጓውን አላስመሰከረም። በዓመቱ ታናናሾቹን ለማሳደግ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያም ወደ ከተማ ገብቶ ዘመናዊ ትምህርት ተማረ። የመታጠቢያ ቤቱ እንጉርጉሮ ግን ያቺ ምሽት ያቋረጣት ዜማ ነበረች።

እንግዲህ እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነውና።

አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጄን ከቤት አስወጣኋት። ለቅሶውን እንዳታይ፣ እንዳትደነግጥ ብዬ ለሦስት ቀን አክስቷ ቤት ላክኋት። እሷና አያቷ ደግሞ አይለያዩም ነበር። ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ፣ የቤት ሥራ የሚያሠራት እሱ። ስትመለስ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩ ተመልሶ፣ ቤቱ ጸድቶ ጠበቃት። «አባባ እግዚአብሔር ዘንድ ሄዷል፤ አታልቅሺ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አልኳት። አላለቀሰችም። ጎበዝ ናትና። ከዚያ ወዲያ ስሙን ሳታነሣ ሁለት ወር ሊሞላ ሆነ። እኔም «ልጆች ቶሎ ይረሳሉ» እያልኩ ለጓደኞቼ አወራሁ።

የፔተርሶንን ሲምፎኒ በሰማሁባት ሌሊት፣ ፊቴ በእንባ ርሶ ሳለ፣ ልጄ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየኋት።

«እማዬ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ራሴን አሞኝ ነው» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «እኔም ሁልጊዜ ማታ ራሴን ያመኛል» አለችና ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

እዚያው ወንበር ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። እኔ ያስተማርኳት ማልቀስን መደበቅ ነው። የኔታ ለአባቴ ያደረጉትን ብታዩ የእኔ ተቃራኒው ነው። እሳቸው ሐዘኑን ከሰው መሃል አስቀመጡት፤ እኔ ከሰው አወጣሁት። እሳቸው የሚይዘው ነገር ሰጡት፤ እኔ «ጎበዝ ነሽ» የሚል ባዶ ቃል ሰጠኋት።

ወገኖቼ፣ ይህ የእኔ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ወላጆቻችን ለሐዘን ቀን ቆርጠውለት ነበር፤ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። እድርተኛው ይመጣል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይገባል፣ አልቃሽዋ ሙሾ ታወርዳለች። እኛ ከተሜዎቹ ደግሞ ጊዜ የለንም። ድንኳኑን ቶሎ እናነሣለን፣ ሰኞ ሥራ እንገባለን፣ መኪና ውስጥ ሆነን ደስ የሚል ዘፈን ከፍ አድርገን እንከፍታለን። ልጆቻችንን ደግሞ ከናካቴው እናርቃቸዋለን። ሐዘኑ ግን ቦታ ስላጣ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ማታ ማታ ራስ ምታት ይሆናል።

ስለዚህ ነው «ጨለማ» ወይም «ከባድ» የምንለው ሙዚቃ በየአገሩ የሚኖረው። በኛም ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ምሳሌ አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስታውሱ። በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ገና ልጅ ሳሉ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር በ1937 እ.ኤ.አ. አሲናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት በግዞት ተወሰዱ፤ ከቤተሰባቸውም የተገደሉ ነበሩ። በኋላ መንኩሰው ግሸን ማርያም ዓመታት አሳለፉ። ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አዩ። የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸውን በ1967 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ ገቢውን ያሰቡት ችግረኛ ልጆችን ለመርዳት ነበር። ፔተርሶን ስቶክሆልም ውስጥ ሲምፎኒውን የጨረሰበት ዓመት መሆኑን ሳይ ገረመኝ። ሁለቱ ስለ መኖር አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ሁለቱም ግን የደረሰባቸውን ሌላ ሰው ሊገባበት በሚችል ዜማ አወጡት። የእማሆይን ፒያኖ ቀስ ብሎ ሲወርድ የሰማ ሰው የድጓ ተማሪ ቤት ከሩቅ ይሸተዋል።

በሕማማት ሳምንት ልጄን አስቀመጥኋትና የዋሸኋትን ነገርኳት። «ያን ቀን ራሴን አላመመኝም፤ አባባ ናፍቆኝ ነበር» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝን አልጠበቅሁትም። «ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ማን ነው የሚያንጎራጉረው?»

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። እንድትመጣ አላስገደድኳትም፤ ምን እንደምታይ አስቀድሜ ነገርኳት፣ ሲደክማት እንደምንወጣ ቃል ገባሁላት። መጋረጃው ጠቁሯል። ሰው እየሰገደ ነው። በዚያ ሳምንት ስለማይሳሳሙ ጎረቤቶቻችን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ብቻ አለፉን። «ከበሮው የታል?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። «አርፏል፤ እሁድ ይመለሳል» አልኳት። ካህናቱ ያን ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ዜማ ሲጀምሩ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። «እማዬ፣ ይሄ የአባባ ነው» አለች። ያችው ዜማ ትሁን ሌላ እኔ ጆሮ የለኝም፤ ለእሷ ግን ነበረች። ነጠላዬ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። አይዞሽ አላልኳትም። አብሬያት አለቀስኩ፤ ከጎናችን የነበሩ እናት ደግሞ ምን እንደሆንን ሳይጠይቁ ለእሷ ቦታ እንዲሆን ጠጋ አሉልን። ሲበቃት ቀና ብላ፣ «ስንት ስግደት ቀረን?» አለችኝ።

ማታ ወንድሜ ደወለ። እሱ ዘንድ ሥራ ነበረ፤ ከሥራ መልስ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። ልጄ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ፣ «አጎቴ፣ የአባባን ዜማ ታውቀዋለህ?» አለችው። «መጀመሪያውን ብቻ» አለና አንጎራጎረ። ያደገበት እንጉርጉሮ ነውና ያውቀዋል። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። እኔ ኔትወርክ መስሎኝ ስልኩን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ኔትወርክ አልነበረም። ልጄ ግን ሳትደናገጥ ካቆመበት ተቀበለችውና፣ በአፍንጫዋ እየዘመረች፣ አያቷ ጺሙን ሲላጭ እንደሚያደርገው እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ማንም አላስተማራትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ሆና ስትሰማ ኖራለች። ከወዲያ ማዶ ወንድሜ ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ለባለሙያዎች ጥያቄ መልስ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ እናት ነኝ። ከዚህ ዓመት የተማርኩትን ግን ላካፍላችሁ። ቤታችሁ ሐዘን ሲገባ ልጆቹን ከመላካችሁ በፊት ጠይቋቸው፤ መቅረት ከፈለጉ አንድ የሚያምኑት ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይሁን። ስታለቅሱ ካገኟችሁ ራሴን አሞኝ ነው አትበሉ። የሞተውን ሰው ስም ጥሩ፤ የሚወደውን ዜማ፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ትዝታ፣ የሆነውን ሁሉ፣ ቤት ውስጥ ክፈቱት። አብራችሁ ስሙት፤ ሲያልቅ ዝጉትና እራት ብሉ። ጾመ ድጓም መጨረሻ አለው። ቀዳም ስዑር ጠዋት ቄጠማው ይታደላል፣ ሌሊቱን ከበሮው ይመለሳል። ከበሮው የሚጣፍጠው ሃምሳ አምስት ቀን ዝም ብሎ ስለ ቆየ ነው።

የፔተርሶንን ሲምፎኒ ማዳመጥ የምትፈልጉ ካላችሁ ልጆቹ ሲተኙ፣ ስልኩን ድምፅ አጥፍታችሁ፣ አርባ ደቂቃውን ሙሉ ስጡት። መጀመሪያው ይከብዳል፤ አትዝጉት። ግማሹን ካለፋችሁ በኋላ የሚመጣውን ጠብቁ። መጨረሻው ድል የለውም፤ ቀስ እያለ፣ እየቀነሰ ነው የሚያልቀው።

እኛ ቤት አሁን ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ እንደገና ድምፅ አለው። ጥርሷን እየቦረሸች ስለሆነ ቃሉ አይለይም። ባለፈው ሳምንት «ፋሲካ አልፏል እኮ፤ የጾም ዜማ ነው» ብዬ ላርማት ነበር። ተውኳት። ርክርኩን ነገ ትመልሰዋለች።